ሰናፍጯ ቦቴ

ታላቅ ወንድሜን የጋራዥ ሰዎች «ስቱኮ» ይሉታል። የተጨረመተ መኪና ጎድጓዳውን በስቱኮ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ቀለም ነፍቶ «አዲስ ነው» የሚያስብል ሰው ስለሆነ ነው። ለእኔ ግን ስሙ የሚገጥመው በሌላ ምክንያት ነው። ፊቱ ራሱ ስቱኮ ነው፤ ግራጫ፣ ደረቅ፣ ምን እንደሚያስብ የማይነበብበት። አባታችን በሞተ በሳምንቱ የመኪናዎቹን ቁም ሳጥን በጋራዡ ፒካፕ ጭኖ ወሰደና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆነን ስድስት ዓመት ኖርን።

መኪናዎቹ ስል እውነተኛ መኪና እንዳይመስላችሁ። አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ግን በየመንገዱ ዳር የሚቸበቸበው የፕላስቲክ ኮተት አይደሉም። ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ማውጫ ተጨምቀው የተሠሩ፣ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያስቆጠሩ፣ መዳፍ ላይ ሲያርፉ ክብደታቸው የሚሰማ መኪናዎች ናቸው። አባቴ አርባ ሁለት ነበሩት። እኔ የምተዳደረው እንደነዚህ ላሉት ዋጋ በማውጣት ነው። ያለ አጉሊ መነጽሬ ስለማልንቀሳቀስ ሰብሳቢዎቹ «መነጽር» ይሉኛል።

አንድ ሰው የአያቱን ሳጥን ሲበረብር አሮጌ አውቶቡስ ያገኝና ወደ እኔ ይመጣል። አገላብጬ አያታለሁ፣ ዋጋዋን እናገራለሁ፣ እሱም ወይ ይስቃል ወይ ይሰድበኛል። አብዛኛው ይሰድበኛል። ለምን ቢሉ፣ አብዛኛው ሰው ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት «እስቲ ላሳምራት» ብሎ ቀለም ይቀባታል። በዚህ ሥራ ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም። የተላጠች፣ የተቧጨረች፣ ግን ከፋብሪካ በወጣችበት ቀለም ያለች መኪና ብዙ ታወጣለች። እሷኑ እንደ መስታወት እስክታብረቀርቅ ቢቀቧት የምታወጣው የብረቷን ዋጋ ነው። ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳስረዳ ጉሮሮዬ ደርቋል። ወንድሜ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሚሠራው ያንኑ ጥፋት ነው፤ በትልልቁ መኪና ላይ። ታዲያ በምን እንዋደድ?

ከአርባ ሁለቱ የምፈልገው አንዷን ብቻ ነበር። እሷን ላግኝ እንጂ የቀሩትን ስቱኮ እንደ አሮጌ ብሎን በኪሎ ቢሸጣቸው ደንታ አልነበረኝም። ቦቴ ናት፤ ሆዷ ድቡልቡል፣ ርዝመቷ ከመዳፌ የማያልፍ የነዳጅ ቦቴ። ቀለሟ ሰናፍጭ። ፋብሪካው ያችን ቦቴ ለዓመታት ያመረታት በአረንጓዴ ነበር፤ አረንጓዴዋ ዛሬም በየሰብሳቢው መደርደሪያ ተገትራለች። ሰናፍጯን ግን ለጥቂት ወራት ሠርቶ ተዋት። በሃያ ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን እጄ ገብታ አታውቅም። የጨረታ መጽሔት ላይ ሁለት ጊዜ ፎቶዋን አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ምግብ አልበላልህ ብሎኛል።

የእኛዋ የመጣችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የአከራያችን ልጅ የአሻንጉሊት መኪናዎች ካታሎግ ነበረው። ገጹን በእጁ ሸፍኖ በጣቶቹ መሃል ብቻ ያሳየኛል፤ ተንኮለኛ ነበር፣ ዛሬም ሳይሆን አይቀርም። ሰናፍጯን ቦቴ እዚያ ውስጥ አየኋት። ቤት ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። አባቴ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር፤ ከሥራ ሲመጣ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ የሆነ ቀለም አለ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «አስመጣልሃለሁ» አለኝ። ቀለም ቀቢ ከየት ያስመጣል ብዬ የምጠይቅበት ዕድሜ አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣት። «ካርቶኗስ?» አልኩት፤ ካታሎጉ ላይ ሁሉም ካርቶን ነበራቸው። «መንገድ ላይ ተቀዳዶ ነው የደረሰው» አለኝ። ወንድሜ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከአባታችን ጋር ጋራዥ መዋል ጀምሯል። በሩን ተደግፎ አየኝና ሳቀ። አባቴ ዞር ብሎ ሲያፈጥበት ሳቁን ዋጠ። ያችን ሳቅ አልረሳኋትም። ቅናት ነው ብዬ ፈረድኩበት፤ ፍርዴንም አርባ ዓመት ሙሉ አላነሳሁም።

አባቴ ቦቴዋን መሬት ላይ እንድነዳት አልፈቀደልኝም። «ይቺ ለዓይን ናት» ብሎ የቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጣት። እሁድ እሁድ አውርዶ መዳፌ ላይ ያኖራትና በጣቴ እንዳልፈትጋት ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቀኛል። ከዚያ መልሶ ይሰቅላታል። ውድ ነገር ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት ያኔ ነው። ሌሎቹን መኪናዎች አንድ በአንድ የሰበሰበው ከእሷ በኋላ ነው፤ አብዛኞቹን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች፣ አንዳንዶቹን ከደንበኞቹ። እኔንም የዚህ ሥራ ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት።

ነገሩን ያነሳችው እትዬ ናት፤ የሁለታችንም ታላቅ። ጡረታ እስክትወጣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ሰውን የምታናግረው ዘግይቶ የመጣ ተማሪ እንደምታናግር ነው። ለሁለታችንም ደወለች። «ወይ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ መጥታችሁ ትካፈላላችሁ፣ ወይ ቁም ሳጥኑን ከነመኪናዎቹ ለሕጻናት ማሳደጊያ እሰጠዋለሁ። እነሱ ቢያንስ ይጫወቱበታል።» እትዬ አለች ማለት ሆነ ማለት ነው።

ደንቡንም ያወጣችው እሷ ናት። ዋጋ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚያውቅ የለማ። ከዚያ በየተራ አንድ አንድ መኪና እንመርጣለን። ግን ዋጋ ያወጣ ሰው በየዙሩ መጨረሻ ይመርጣል። መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ ስቱኮ፣ ከዚያ እኔ።

«ለምን እኔ መጨረሻ?» አልኳት።

«ዓይንህ ሹል ነው፤ ምላስህም እንደዚያው። አንደኛ ከመረጥክ ያ ወንድምህ 'አጭበረበረኝ' ይልና ሌላ ስድስት ዓመት ትኮራረፉብኛላችሁ። ዕድሜዬ አይበቃም።»

ስልኩን ዘግቼ አሰብኩ። የእትዬ ጣሪያ ያፈሳል፤ ከሁሉ ውዱን ነው የምትመርጠው። ስቱኮም አዲስ ኮምፕሬሰር ይፈልጋል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነቱን ከጻፍኩ ቦቴዋ ከመጀመሪያው ዙር አታልፍም። እኔ ጋ እንድትደርስ ማንም የማይፈልጋት መሆን አለባት። ለዚያ ደግሞ ከእኔ አፍ አንድ ቃል ይበቃል፤ ተቀብታለች። በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ሰው ብዙ ዋሽቻለሁ፣ ስለ ቀለም ግን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ለአንድ ቀን ቢሆን ምን አለበት አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ እንደ ድሮው ቲነር ቲነር ይሸታል። መስኮቶቿ በጋዜጣ የተሸፈኑ አንዲት የቤት መኪና መሃል ላይ ቆማለች። የኋላው ክፍል ውስጥ ቁም ሳጥኑ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ይዞ ደግሞ የቀለም ጣሳዎች የተደረደሩበት መሥሪያ አለ። ስቱኮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ሸምግሏል።

«መጣህ» አለ።

«መጣሁ» አልኩ።

የስድስት ዓመት ናፍቆታችንን በዚህ ተወጣን። እትዬ መስመር የተሰመረበት ደብተሯን ዘርግታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ የምለውን እሷ ትጽፋለች፣ ገጹ ሲሞላ እኔ እፈርማለሁ። የጥጥ ጓንቴን አጠለቅሁ፤ አጉሊ መነጽሬንና ትንሿን ሐምራዊ መብራቴን አወጣሁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? የጭፈራ ቤት መብራት?» አለ ስቱኮ።

እሱን ትቼ ለእትዬ አሳየኋት። አንዲት የእሳት አደጋ መኪና አንስቼ መብራቱን ለኮስኩባት። መላ አካሏ ጨለም ብሎ ቀረ፤ የግራ በሯ ግን ፈክቶ በራ። «አየሽ? ይሄ በር ኋላ የተቀባ ነው። ዓይን ይታለላል፣ ይህ መብራት አይታለልም። ግማሽ ዋጋ ብለሽ ጻፊ።»

«በሩ ከሌላው ያምራል እኮ» አለ ስቱኮ።

«ማማሩ ነው ጥፋቱ።»

«አርባ ዓመት የተቧጨረ ሳድን ኖሬ ጭረቱ ነው ውዱ ትለኛለህ?»

«አንተ የምታድነው መኪና ሰው ይሳፈርበታል። ይሄ ሌላ ነገር ነው። የማታውቀውን ነገር አትፈትፍት።»

«እኔ የማላውቀው ቀለም?»

«ተዉ እንጂ!» አለች እትዬ። «ገና አምስተኛው ላይ ነን።»

እንዲህ እየተነካከስን ሄድን። አንዲት ጠፍጣፋ የእሽቅድምድም መኪና ላይ ብረቷ ከውስጥ መሰነጣጠቅ መጀመሩን አየሁ። ሲቀልጥ ቆሻሻ የተቀላቀለበት ብረት እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይነካው ዓመት ቆጥሮ ራሱን በራሱ ይበላል። «ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም፣ ብረቱ ነው ክፉው» ብዬ ሳስረዳ ስቱኮ «እንደምናውቀው ሰው ነዋ» አለ። እትዬ ሳታስበው ሳቀች። ደሜ ፈላ፣ ግን ዋጥኩት። የመጣሁበትን አውቃለሁ።

ቦቴዋን ራሱ አወረዳት። ሌሎቹን በአንድ እጁ ሁለት ሁለት ሲያወርድ ነበር፤ እሷን በሁለት እጁ ነው የያዛት። ያኔ ልብ አላልኩም፤ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። ከልጅነቴ ወዲህ ነክቻት አላውቅም፤ መጀመሪያ አባቴ፣ ቀጥሎ የወንድሜ ቁልፍ ከልክሎኛል።

ገለበጥኳት። አካሏን ከታችኛው ብረቷ ጋር የሚያያይዙት ሁለት የተደፈጠጡ ምስማሮች ናቸው። መኪና የሚቀባ ሰው መጀመሪያ እነሱን ሰርስሮ ያወጣል፣ ሲጨርስ በሌላ ይተካል፤ የተነካ ምስማር ደግሞ እኔን አያመልጠኝም። የእሷ አልተነኩም። ከፋብሪካ እንደተመቱ ነበሩ። ቀለሟ ስስ፣ ወጥ፣ ጠርዟ ንጹሕ። አርባ ዓመት ያመንኩት ልክ ነው! እጄ ወደ መብራቱ ሄደና መለስኩት። ባበራው እትዬ እውነቱን በዓይኗ ታየዋለች። ለእኔስ የማውቀውን ከመንገር በቀር ምን ይጨምርልኛል?

«ይህቺ ተቀብታለች» አልኩ።

እትዬ ቀና አለች። «መብራቱን አብራው እስቲ።»

«ባትሪው ደክሟል። ለዚህች መብራትም አያስፈልጋት፣ በባዶ ዓይን ይታያል። ዋጋ የላትም ብለሽ ጻፊ።»

ስቱኮ እጁን መጥረግ አቆመ። «መቼ ነው ያወቅከው?» አለኝ።

ድምፁ ተለውጧል። ስድብ የሌለበት ድምፅ ከእሱ ሰምቼ ስለማላውቅ ወጥመድ መሰለኝ።

«ገና ልጅ ሆኜ። የመጣች ዕለት።»

«የመጣች ዕለት? ለአባባስ ምንም አላልከውም?»

«ምን እለዋለሁ? ዝም አልኩ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀለም የነካካውን መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ሌላ ሰው እንደሚያይ አየኝ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ግን ያላመነኝ መሰለኝ፤ ሰው ካላመነኝ ደግሞ መጨመር እወዳለሁ።

«ሥራው ራሱ ይናገራል እኮ» አልኩ። «እዩት፣ እዚህ ጋ ተንጠባጥቧል። ጠርዟ ላይ ተቆልሏል። የቀባት ሰው ሰክሮ ነበር መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ ቀለም ነክቶ የማያውቅ ጀማሪ ነው። በእንዲህ ያለ እጅ መኪና አይደለም አጥር አይቀባም።»

የተንጠባጠበ ነገር አልነበረም። የተቆለለም አልነበረም።

«ኧረ ቀስ በል» አለች እትዬ፤ ለምን እንዳለች እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

«አጥር አይቀባም» አለ ስቱኮ፣ ቃሉን በጥርሱ እየፈተሸ።

«አዎ፣ አይቀባም።»

ፊቱ ተመልሶ ስቱኮ ሆነ። ተነስቶ የቀሩትን መኪናዎች ማውረዱን ቀጠለ። እኔ በልቤ ፈነጠዝኩ። ተሳክቶልኛል አልኩ።

ስንጨርስ እትዬ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበች። ቦቴዋ ጋ ስትደርስ «ተቀብታለች፣ ሥራው የጀማሪ፣ ዋጋ የላትም» ብላ አነበበችና ብዕሩን ሰጠችኝ። ፈረምኩ። ከዚያ የመጀመሪያው ዙር ተጀመረ። እትዬ ሳታመነታ ባለ ሁለት ፎቁን ቀይ አውቶቡስ መረጠች፤ እንዳሰብኩት ውዱን።

«አንተስ?» አለችው ስቱኮን።

«ቦቴዋን» አለ።

«ዋጋ የላትም እኮ!» ጩኸቴ በዛ መሰለኝ፣ እትዬ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝ።

«ሰምቻለሁ። ፈርመህበታልም።»

«ታዲያ ምን ታደርግልሃለች? ሰማያዊዋ ታክሲ አለችልህ፣ ክሬኑ አለልህ። ኮምፕሬሰር የምትገዛው በዚህች ነው?»

«ድርሻዬ ነው፣ ያሻኝን እመርጣለሁ። ጻፊ፣ እትዬ።»

ጻፈች። ስቱኮ ቦቴዋን አንስቶ ወደ መሥሪያው ሄደ። ከጣሳዎቹ መሃል ቀለም ማስለቀቂያውን አውርዶ አንድ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ቀዳ፤ ሽታው ዓይን ይቆጠቁጣል። ከግድግዳው ላይ ቀጭን ሽቦ አነሳና ጫፉን አጥፎ የፊት ጎማዋ ዘንግ ላይ ሰካት። ሽቦውን ማየት ሳያስፈልገው ነው ያጠፈው፤ ከዚህ በፊት ያደረገው ነገር ይመስል ነበር።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ሥራዬን ነዋ። የተበላሸ ቀለም አስለቅቃለሁ። የሰካራም ሥራ የአባባ ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ያደርጋል?» ቦቴዋን ማሰሮው አፍ ላይ አንጠልጥሎ ዞረና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ያልከው ትክክል ካልሆነ፣ ቀረኝ የምትለው ቃል ካለህ፣ አሁን በል።»

እያስፈራራኝ ነው አልኩ። ምንም አያውቅም፣ ሊያስለፈልፈኝ ነው። ደግሞስ ብናገር ምን አገኛለሁ? ቀለሙ ያልደረቀ ፊርማዬ እትዬ ደብተር ላይ አለ፤ ሃያ ዓመት የገነባሁት ስም ገደል ይገባል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ እሷ የእሱ ድርሻ ሆናለች። እውነቱን ብናገር ውድ ቦቴ አስረክቤው መሄዴ ነው። ይህን አሰብኩ፣ አልደብቅም። ለእሱ ከምትተርፍ ትጥፋ የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ ነበር። አፌን ዘጋሁ።

ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ነከራት።

ማሰሮው ውስጥ ስትገባ የተሰማው ድምፅ ኢምንት ነው፤ ጠብ የሚል ያህል። ለጥቂት ሰከንድ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ሰናፍጩ አበጥ አበጥ ሲል አየሁ። ያኔ አፌ ያለ ፈቃዴ ተከፈተ።

«አውጣት! አውጣት አልኩህ! እውነተኛ ናት፣ አልተቀባችም! ዋሽቼ ነው!»

የእትዬ ብዕር መሬት ወደቀ። ስቱኮ አልተጣደፈም። ሽቦውን ቀስ ብሎ ሳበና ቦቴዋን ጋዜጣ ላይ አስቀመጣት። ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ከጎኗ ይንሸራተታል። በጨርቅ ጠረግ አደረጋት። ከሥሩ ባዶ ብረት እጠብቅ ነበር።

አረንጓዴ ነው የወጣው። ምድጃ ውስጥ የበሰለ፣ ማስለቀቂያው ቶሎ የማይደፍረው የፋብሪካ አረንጓዴ። በየሰብሳቢው መደርደሪያ ላይ የተገተረችው ቦቴ።

እትዬ ተራ በተራ አየችን። «ምንድነው ይሄ? ማነው የዋሸው?» አለች።

«እሱ ዋሽቷል፤ ግን ውሸቱ እውነት ነበር» አለ ስቱኮ። ወደ እኔ ዞረ፣ አልጮኸም። «አባባ ነው የቀባት። አረንጓዴዋን ከአንድ ደንበኛ ወሰዳት፣ የሰውዬውን ሁለት በር በነጻ ቀብቶለት። ካታሎጉን አከራያችንን ለምኖ ለአንድ ቀን ተዋሰና ቀለሙን ከሥዕሉ ጋር እያስተያየ በጠበጠ። ስድስት ጊዜ ቀባ፣ ስድስት ጊዜ አስለቀቀ። ምስማሮቹን ነቅሎ እንዳልተነኩ አስመስሎ መለሳቸው፤ 'ያ ልጅ ዓይኑ ሹል ነው፣ ያውቅብኛል' ይል ነበር። በሽቦ አንጠልጥዬ ያደረቅኳት እኔ ነኝ፣ ክንዴ እስኪዝል። ስትቀበላት የሳቅኩት ለዚህ ነው። ዓይንህ ሹል ነው የተባልከው ልጅ ሳትጠረጥር ስትወስዳት አስቆኝ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስማለኛ። ለእኔ አንዲት አሻንጉሊት ገዝቶልኝ አያውቅም፤ እኔ እጅ ላይ ያኖረው የብርጭቆ ወረቀት ነው። ቢሆንም የማልኩትን ጠበቅኩ። ቁልፉንም የያዝኩት ለዚሁ ነው። ያን አጉሊ መነጽርህን ይዘህ መጥተህ እንዳታውቅ፣ አርባ ዓመት ያመንከው እንዳይፈርስብህ።» ጨርቁን እጁ ላይ ጠቀለለው። «ቅድም 'ገና ልጅ ሆኜ አውቄ ዝም አልኩ' ስትል ለእሱ ብለህ የቻልከው መሰለኝ። እኔ ይህን ሰው ዕድሜ ልኬን በድዬዋለሁ አልኩ። ተነስቼ ልስምህ ነበር፣ እውነቴን ነው የምልህ። ከዚያ ሰካራም አልከው።»

ጎንበስ ብዬ አጉሊ መነጽሬን አደረግሁ። ከኋላ ጎማዋ በላይ፣ ፈሳሹ በደንብ ያልደረሰበት ቦታ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ሰናፍጭ ቀርታለች። ብዙ ቀለም አይቻለሁ፤ እንደዚያች ቁራጭ ያለ ሥራ አላየሁም። አንዲት የእጅ መንቀጥቀጥ የለባት። መብራቱን አነሳሁና ለኮስኩት። ባትሪው ደህና ነበር። ቁራጯ ፈክታ በራች፤ እንደ እሳት አደጋዋ በር። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

እትዬ ብዕሯን ከመሬት አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው። ደብተሩ ላይ የጻፈችውን መስመር ረጅም ጊዜ አየችው፣ ግን አልሰረዘችውም። «ተራው የአንተ ነው» አለችኝ። «ምረጥና እንጨርስ፤ ከሁለታችሁ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መቆየት አስጠልቶኛል።»

«እሷን» አልኩ።

«እሷ ተመርጣለች» አለ ስቱኮ።

«እንዳለች ስጠኝ። እንደዚሁ አረንጓዴ ሆና። የቀሩትን ሁሉ ውሰድ፣ ድርሻዬን በሙሉ ውሰድ።»

ቦቴዋን በጨርቁ አደራርቆ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት። ኪሱን ቆለፈው።

«ጋሼ» አልኩት። ልጅ ሳለሁ እንኳ ጠርቼው የማላውቅበትን ስም ነው የጠራሁት። «ጋሼ፣ በአባባ ሞት።»

«አርባ ቀርተዋል» አለ፣ ወደ ማሰሮው ዞሮ ክዳኑን እየገጠመ። «ከአንድ በር በቀር ሁሉም እውነተኛ ናቸው፤ አንተው ፈርመህባቸዋል። ሌላ ምረጥ።»

እጄን ወደ መኪናዎቹ ዘረጋሁና በጣቴ ጠቆምኩ። የቷን እንደሆነ አላየሁም። እትዬ ጻፈቻት፣ ደብተሩን አዙራ አስጠጋችልኝ፣ ፈርም አለችኝ። ፈረምኩ።